ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፤ መንገዱስ?

በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ የሚለጥፉት ማስታወቂያ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት። ጉርድ ፎቶግራፍ። ከዚያ ወረድ ብሎ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ።

አብዛኞቻችን የመጨረሻዋን መስመር አንብበን እናልፋታለን። ሦስት ልጆች አንድ ብርድ ልብስ ለሚሻሙበት ቤት ግን ያቺ መስመር የሳምንት ጭንቀት ናት። የአውቶቡሱ ሒሳብ ገና አልተነሳም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ፈተናው አንድ ነው፤ ያጠና አለፈ፣ ያላጠና ወደቀ» ይላል። ሌላው «የገጠር ልጅ ከማን ጋር ነው የተወዳደረው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዱ የሚያወራው ስለ ፈተናው ቀን ነው፤ ሌላው ከዚያ ቀን በፊት ስላሉት 12 ዓመታት። ስለዚህ ክርክሩ አይገናኝም።

እስቲ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንዴት እንደሚሠራ፣ የድሃ ቤት ልጅ የቱ ጋ እንደሚቸገር ከሥሩ እንየው። የአገር ቤቱን ዓመት በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ለመሆኑ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ምንድን ነው?

ባጭሩ አንድ ፈተና ነው። በአንዳንድ አገር ዩኒቨርሲቲው የልጁን የአራት ዓመት ውጤት ያያል፣ ድርሰት ያስጽፋል፣ የአስተማሪ ምስክርነት ይጠይቃል። እኛ ጋ ልጁ አራቱንም ዓመት አንደኛ እየወጣ ቢመጣ እንኳ የሚቆጠርለት በ12ኛ ክፍል ማብቂያ የሚወስደው ብሔራዊ ፈተና ነው። የጥቂት ቀናት ሥራ።

ቀድሞ ነገሩ እንደ ሩጫ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር በዩኒቨርሲቲዎች ያለውን ቦታ ያያል። ተማሪዎችን በውጤት ይደረድራል። ቦታው የሚያልቅበት ላይ መስመር ያሰምራል። መቁረጫ ነጥብ የሚባለው ይህ መስመር ነው። በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግን ሩጫው ወንዝ መሻገር ሆነ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተሻገረ። ያላመጣ፣ ማዶ ባዶ ቦታ ቢኖርም አልተሻገረም። ያኔ ነው ፈተናውም ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ኩረጃውና ስርቆቱ ልክ አጥቶ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። በዓመቱ 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። እየተሻሻለ መሆኑ አይካድም። ያም ሆኖ ከ12 ልጆች አንዱ ገደማ ነው ያለፈው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የፈተናው መጥበቅ ለድሃ ልጅ ጉዳት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። መልስ ገዝቶ ማለፍ የሚችለው ገንዘብና ዘመድ ያለው ነው። ስርቆቱ ሲዘጋ በላቡ የሚሠራ ምስኪን ተጠቅሟል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ፈተናው አንድ ከሆነ ታዲያ ፍትሕ የሚጎድለው የቱ ጋ ነው?

ሚዛንን አስቡ። ሁለት ገበሬዎች እህላቸውን ገበያ ይዘው መጡ። ሚዛኑ አያዳላም፤ የሁለቱንም በትክክል ይመዝናል። ግን ሚዛን ኪሎ ነው የሚነግረን። የአንዱ ማሳ መስኖ እንዳለው፣ የሌላው ድንጋያማ እንደሆነ አይነግረንም። «ይህኛው ሰነፍ ነው» ብሎ ለመፍረድ ማሳውን ማየት ያስፈልጋል።

ማሳውን የሚያሳይ አንድ ቁጥር አለ። በ2014 ዓ.ም. ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161 አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328 እንዲሁ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅስ? እዚያ ውስጥ እኮ አንደኛ የሚወጣ ልጅ አለ። ማታ በኩራዝ ያነበበ፣ አስተማሪዎቹ ተስፋ የጣሉበት፣ ወላጆቹ ከከብት ጥበቃ ያሳረፉት። እሱም ወድቋል።

በሌላኛው ጫፍ ያስፈተኗቸውን በሙሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከእነሱም አብዛኞቹ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ፣ የሚያሳድሩና የሚመግቡ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እዚያ የገቡ የድሃ ልጆችም አልፈዋል። ይህ ብዙ ይናገራል። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው እራቱ፣ መብራቱና አስተማሪው ነው።

እኔ 11ኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ አስተማሪያችን በመንፈቁ ላይ ሥራ ለቀቀ። ምትክ እስኪመጣ ወራት ሄዱ። የመጣው ሰው ከየት እንደሚጀምር ስላላወቀ ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀመረ። በአቅራቢያችን ያለው የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ይሰጥ ነበር። ሁለታችንም በኋላ የተቀመጥንለት ፈተና አንድ ነበር።

ልዩነቱ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ ይጠራቀማል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ቤቱ ቴሌቪዥንም መጽሐፍም የሌለው ልጅ ባዮሎጂውን ከመረዳቱ በፊት ቋንቋውን መሻገር አለበት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጻሕፍቱ ታትመው እስኪደርሱ ብዙ ትምህርት ቤቶች በሶፍት ኮፒ ቆዩ። ስልክ ያለው አነበበ። ስልክ የሌለው ከጓደኛው ደብተር ገለበጠ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውሃው፣ ማገዶው፣ የታናናሾቿ ነገር አለ። በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆችማ ፈተናው ላይም አልደረሱ።

እኛ የቆሎ ተማሪን ታሪክ የምንወድ ሕዝብ ነን። ለምኖ እየበላ፣ ከውሻ እየተጋፈጠ ሊቅ የሆነ ሰው ታሪክ ልባችንን ይነካዋል። በየዓመቱም እረኛ ሆኖ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ አንድ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል። ደስ ይላል። እሱ እንደቻለ አይተን ግን ያልቻሉትን ሺዎች እንረሳለን።

ከቤቱ የመጀመሪያ ተማሪ መሆን ምን ለውጥ ያመጣል?

ድህነትና ይህ ጉዳይ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አባቱ ነጋዴ ሆኖ ገንዘብ ያለው፣ ግን ከቤተሰቡ ማንም ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ ልጅ አለ። ደመወዟ የማያወላዳ መምህርት እናት ያለችው ልጅም አለ። ሁለተኛው በኪስ ቢበለጥም የሚጠይቀው ሰው ቤቱ ውስጥ አለው።

የሚጠየቅ ሰው መኖር ትንሽ ነገር ይመስላል። 11ኛ ክፍል ሲገባ ተፈጥሮ ሳይንስ ይግባ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ? የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ የትኛውን ያስቀድም? አንደኛ ዓመት ላይ ሁሉም የጋራ ኮርስ ወስዶ ኋላ ዲፓርትመንት ሲመረጥ የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ክብደት እንዳለው ማን ይንገረው? የተማረ ቤተሰብ ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ቡና ሲፈላ እየሰማ ነው ያደገው። ሌላው ካለፈበት በኋላ ነው የሚሰማው።

ምርጫ አሞላል ላይ የሚታየው ሌላው ነገር ፍርሃት ነው። ጥሩ ውጤት ይዞ «ሕክምና ለኛ አይሆንም፤ ረጅም ነው፣ ማን ያስተምረኛል» የሚል ልጅ ታገኛላችሁ። ፈተናው አልከለከለውም። ራሱን ከለከለ።

መንግሥትስ ለተጎዱት ምንም አያደርግም?

ያደርጋል። ስሙ ልዩ ድጋፍ ነው፤ ብዙ ሰው አፈርማቲቭ አክሽን ብሎ ያውቀዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከኋላ ለተነሳ ሯጭ መስመሩን ትንሽ ወደ እሱ ማቅረብ። መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 35 ለሴቶች ያለፈውን በደል የሚክስ እርምጃ እንዲወሰድ ይፈቅዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152ም ይህን ሐሳብ ይዟል። ድጋፉ የሚመለከተው በተለይ ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ የታዳጊ ክልሎችንና የአርብቶ አደር አካባቢ ልጆችን ነው። ታዳጊ ክልል ሲባል አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ ማለት ነው።

አሁን ይህ ድጋፍ በዋናነት የሚታየው ሬሜዲያል በሚባለው በር ላይ ነው። ሬሜዲያል ማለት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ነው። 50 በመቶ ያመጡት በጣም ሲያንሱና የዩኒቨርሲቲ ቦታ ባዶ ሊቀር ሲል የተከፈተ በር ነው። ከ50 በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለተወሰኑ ወራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን እንደገና ይማራሉ። ከዚያ ይፈተናሉ። ከውጤቱ 70 በመቶው ከትምህርት ሚኒስቴር በሚመጣ ፈተና፣ 30ው ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ምዘና የሚያዝበት አሠራር ነው። ግማሹን ያመጣ አንደኛ ዓመት ይገባል። ያላመጣ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል።

ወደዚህ ፕሮግራም ለመግባትም መቁረጫ ነጥብ አለ። ይህኛው ለሁሉም አንድ አይደለም። ለሴት ከወንድ ዝቅ ይላል፤ ለታዳጊ ክልልና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች እንዲሁ፤ ለማየትና ለመስማት የተሳናቸውም የራሱ ነጥብ ይወጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ በቀጥታ ያለፉት 30 ሺህ አይሞሉም። በሬሜዲያል የተመደቡት ግን ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። ዋናው በር ጠቦ የጓሮው በር ሰፋ እንደማለት ነው። ለብዙ የገጠር ልጅ ሬሜዲያል የማይጠፋ መብራት፣ ቤተ መጻሕፍትና ሙሉ አስተማሪ በአንድ ላይ ያገኘበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። የ12 ዓመት ጉድለት በጥቂት ወር ይሞላል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ድሃ መሆን በራሱ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ተማሪው ለፈተና ሲመዘገብ ጾታው፣ አካባቢው፣ የአካል ጉዳት ካለበት ጉዳቱ ይጻፋል። አባትህ ምን ይሠራል? ቤታችሁ በወር ስንት ይገባል? ከቤተሰብህ ዩኒቨርሲቲ የገባ አለ? የእነዚህ መልስ መቁረጫ ነጥቡን አይለውጠውም። ሥርዓቱ ድህነትን የሚያየው በመስኮት ነው። ልጁ የተማረበትን አካባቢ ያይና «እዚያ ያሉት ተጎድተዋል» ብሎ ይገምታል።

ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። በታዳጊ ክልሎች ትምህርት ቤት ማግኘቱ ራሱ ከባድ ነው። ግን ግምት ስለሆነ ይስታል። አዲስ አበባ ውስጥ እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች የምታሳድገውን ወንድ ልጅ አስቡ። በአንዱ ታዳጊ ክልል ዋና ከተማ ደግሞ በግል ትምህርት ቤት የተማረ የሀብታም ነጋዴ ልጅ አስቡ። ዝቅ ያለው መስመር የሚሰመረው ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በወረቀት ላይ ምንም አልጎደለበትም። አማራ ወይም ኦሮሚያ ውስጥ መኪና የማይገባበት ወረዳ ያለ የገበሬ ልጅም አርብቶ አደር አካባቢ ካልሆነ በቀር ከክልሉ ከተማ ልጅ ጋር በአንድ መስመር ነው የሚታየው።

ለምን ገቢ አይጠየቅም? የሚቀርበው መልስ ማረጋገጫ የለም የሚል ነው። ገበሬ የደመወዝ ወረቀት የለውም። ጉሊት የምትሸጥ እናት የሒሳብ መዝገብ የላትም። ከቀበሌ ደብዳቤ ይምጣ ቢባል ደብዳቤው በማግስቱ ይሸጣል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ያም ሆኖ አገሪቱ ድሃ ለይታ አታውቅም ማለት አይቻልም። የገጠር ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ማን ይታቀፍ የሚለውን መንደሩ ራሱ ተሰብስቦ እየለየ ዝርዝር ይይዛል። የከተማውም በኋላ መጥቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ላይም መክፈል የማይችሉት ተለይተው መዋጮአቸው ይሸፈንላቸዋል። ዝርዝሮቹ እንከን አያጣቸውም። ግን ለስንዴና ለሕክምና የሚሠራ ዝርዝር ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለምን አይታይም የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት?

ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። መንገዳቸው በጣም ስለሚለያይ ነው የመረጥኳቸው።

ብራዚል ውስጥ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ የላቸውም፤ ጥሩዎችም ናቸው። ሀብታሙ ልጁን ውድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ያስተምርና ከዚያ በነፃው ዩኒቨርሲቲ ያስገባዋል። ድሃው በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማርና ፈተናውን ይወድቃል። ከዚያ ከፍሎ የግል ኮሌጅ ይገባል፤ ከቻለ። ነገሩ ተገልብጦ ነበር። በ2012 የወጣ ሕግ ከፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ቦታዎች ግማሹን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ለተማሩ ልጆች ለየ። የዚያ ግማሽ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆች ተለየ። ልኬቱ ለአንድ የቤተሰብ አባል የሚደርሰው ገቢ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ነው። የቆዳ ቀለምም ይታያል። እዚያ ሕጉ ልጁን የት ተማርክ፣ ቤታችሁ ስንት ይገባል ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል።

የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት ሌላ ዘዴ አመጣች። በ1997 በወጣ ሕግ ማንኛውም ልጅ ከራሱ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ 10 በመቶ ከሆነ የግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል። ውድድሩ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ነው። የሀብታም ሰፈር ልጅ ከሀብታም ሰፈር ልጅ ጋር፣ የገጠሩ ከገጠሩ ጋር። ገቢም ዘርም አይጠየቅም። በጣም የሚፈለገው የኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ስላጠረው የራሱን ድርሻ ከ10 በመቶ ዝቅ አድርጓል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ይህ ዘዴ እኛ ጋ ቢኖር አንድም ተማሪ ያላሳለፉት 1,161 ትምህርት ቤቶች አንደኞቻቸውን ይልኩ ነበር። ግን ቢላኩስ? መሠረታዊ ሒሳብ ያልተማረ ልጅ ኢንጂነሪንግ ውስጥ ምን ይሆናል? ስለዚህ እንዲህ ያለው በር ከሬሜዲያል ጋር ካልተያያዘ ልጁን አስገብቶ መጣል ነው።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ «የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ» የሚለውን ነገር ከልጆቻችሁ ማመልከቻ ታውቁታላችሁ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ ትርጉሙ ከወላጆቹ አንዳቸውም የአራት ዓመት ዲግሪ የሌላቸው ልጅ ማለት ነው። ከአገር ወጥቶ ታክሲ የሚነዳ ነገር ግን ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ የሄደ አባት ያለው ልጅ እዚህ ውስጥ አይገባም። የአባትየው ዲግሪ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀመጥም ዲግሪ ነው። ብዙ ሐበሻ ይህን ሳያውቅ ይሞላል።

ከገባስ በኋላ? ትምህርቱ ነፃ አይደለም እንዴ?

በመግቢያው ቀን ነፃ ይመስላል። በእርግጥ ብድር ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ሁሉም የሚያውቀው ኮስት ሼሪንግ በሚለው ስሙ ነው። ደንቡ እንዳስቀመጠው ተማሪው የሚጋራው የማስተማሪያውን ወጪ 15 በመቶ ሲሆን የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ነው። የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ።

ውሉ ክፉ አይደለም። ዛሬ ሳንቲም የሌለው ልጅ ዛሬ እንዲማር ያስችላል። ከፍትሕ አንጻር ካየነው ግን አስገራሚ ነገር አለው። የሚሊየነር ልጅና የቀን ሠራተኛ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የሚፈርሙት። ከማስተማሪያው ወጪ የቀረውን 85 በመቶ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል፤ ለሁለቱም። ለአንደኛው 12 ዓመት ሙሉ ውድ የግል ትምህርት ቤት የከፈለ አባት ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲደርስ እፎይ ይላል። ገንዘቡ የመጣው ልጁ ወድቆበት እቤት ከቀረው ገበሬም ግብር ጭምር ነው።

ውሉ ውስጥ የማይጻፉ ወጪዎች ደግሞ አሉ። ምደባው ከቤት ሩቅ ሊሆን ይችላል። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመላ አገሪቱ ተበትነዋል፤ የትራንስፖርት ሒሳብ ኮስት ሼሪንግ አይመለከተውም። ሀንዳውት ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። ሳሙና ይገዛል። ኮምፒውተር የሚጠይቅ ዲፓርትመንት ከሆነ ጓደኛን መለማመጥ ይመጣል። ካፌ ተመጋቢ የሆነ ልጅ ቢያንስ ምግቡን ያገኛል። ነን ካፌ የሆነ ልጅ የምግቡን በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ከዚያችው ቆጥቦ ለእናቱ ይልካል። በቀን አንዴ እየበላ የሚማር ልጅ አብሮኝ ዶርም ነበር። ውጤቱ ሲወርድ ሁላችንም ሰነፈ አልን።

ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ሲሆኑስ?

ይህ ገና እየተጀመረ ስለሆነ ባጭሩ ልንካው። ራስ ገዝ ማለት ዩኒቨርሲቲው በጀቱን፣ ሠራተኛውንና ተማሪውን ራሱ ይመርጣል፣ ያስተዳድራል ማለት ነው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የራሱን የመግቢያ ፈተናም መስጠት ጀምሯል። ስለዚህ እዚያ ለመግባት ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም።

ጥሩ ተማሪ መምረጡ ለጥራት ሊጠቅም ይችላል። ለድሃ ቤት ልጅ ግን ሁለተኛ ፈተና ማለት ሁለተኛ ምዝገባ፣ ሁለተኛ ጉዞ፣ ቀኑን ቀድሞ ማወቅ ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ዳታ የሌለው ልጅ በሦስተኛው ቀን ሊሰማ ይችላል።

ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር ምን ይወቅ?

ለፈተና ሲመዘገብ የተሞላውን መረጃ ሁለቴ ያንብብ። ስሙ፣ ጾታው፣ አካባቢው፣ የአካል ጉዳት ካለበት ጉዳቱ በትክክል መግባቱን ያረጋግጥ። ዝቅ ያለው ነጥብ የሚሠራው በዚያ መረጃ ነው። በኋላ ማስተካከል ጣጣ አለው።

ከ50 በታች ቢያመጣ በዚያው ቀን ተስፋ አይቁረጥ። የሬሜዲያል መቁረጫ ነጥብ የሚወጣው ከውጤቱ በኋላ ነው። ካልደረሰውም ቴክኒክና ሙያ አለ፤ በግል እንደገና መፈተንም አለ።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ ስም አይቶ ብቻ አይሙላ። ከቤት ስንት ብር ትኬት ነው? ዘመድ አለ? የሚፈልገው የትምህርት ዓይነት እዚያ ይሰጣል? ቤት ውስጥ የሚጠየቅ ሰው ከሌለ የሰፈሩን ተመራቂ ይጠይቅ። ሰው ሲጠየቅ ደስ ነው የሚለው።

ኮስት ሼሪንጉን ሳያነብ አይፈርም። ካፌ ወይስ ነን ካፌ የሚለውን አስቦበት ይምረጥ። ኮፒውን ይያዝ፤ ከዓመታት በኋላ ስንት እንዳለበት ሲነገረው የሚያመሳክርበት እሱ ነው።

ግቢ ሲደርስ ደግሞ የተማሪዎች ዲን ቢሮ የት እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይወቅ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ አይጎዳም። አንዳንድ ቦታ ለተቸገረ ተማሪ ትንሽ ነገር አይጠፋም። ብዙ ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱት የበጎ አድራጎት ክበብም አለ። ደብተር፣ ልብስ፣ አንዳንዴም ገንዘብ ያሰባስባሉ። ብርድ ልብስ ሳይዝ የመጣ ልጅ ማንን እንደሚጠይቅ ካላወቀ ከእነሱ ይጀምር።